የፊት ፍሬን በየትኛው እጅ

ሱቄን የተከራየው ሰው የሞባይል ሽፋንና የጆሮ ማዳመጫ ነጋዴ ነው። ቤቱን ሊያይ የመጣ ዕለት ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ተሰካ። ከጣሪያው ሥር ከዳር እስከ ዳር የታጠፉ ብረቶች ተሰቅለዋል። አቧራ ጠጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ላይ የተጠቀለለው ጨርቅ ተበጣጥሶ ተንጠልጥሏል።

«አባባ፣ እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«የብስክሌት መሪ።»

«ምን ሆነው ነው እንዲህ የተጣመሙት?»

አልተጣመሙም፣ ሲሠሩም እንዲህ ናቸው ብዬ ላስረዳው አሰብኩና ተውኩት። ለማን ብዬ?

«ለቁራሌው ይስጧቸውና ይገላገሉ» አለኝ። «ግድግዳውን ነጭ ቀለም ላስቀባው ነው።»

እንግዲህ የሥራ ዘመኔ ይኸው ነው፤ ቁራሌው የሚወስደው ብረት። ጡረታ የሚባለው ነገር የመንግሥት ሠራተኛ ወግ ነው። ለእኔ ኬክ የቆረሰልኝ የለም፣ ጋቢ ያለበሰኝም የለም። ጉልበቴ ገና አልከዳኝም፤ ዓይኔም ቀጭን ገመድ ከቀዳዳው ያገናኛል። ሥራ ያቆምኩት አሰላ ብስክሌት መንዳት ስላቆመች ነው። ሰዉ ደጁ ላይ ቆሞ እጁን ሲያወጣ ባጃጅ እግሩ ሥር ይቆምለታል፤ ለምን ብሎ ፔዳል ይምታ? ይህን የምጽፈውም እንኳን በሰላም ጨረስክ እንድባል አይደለም። ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የሚያወራው በራሱ መንገድ ነውና እኔም በራሴ መንገድ ልናገረው።

ከድር እባላለሁ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ አሰላ መናኸሪያ አጠገብ ጨውና ሳሙና ይቸረችር ነበር። ሱቁን እንድይዝለት ይፈልግ ነበር፤ እኔ ግን ሚዛን መያዝ ያንገሸግሸኛል። ጢሜ ማቀምቀም ሲጀምር ጋሽ ንጋቱ ብስክሌት ቤት ገባሁና እዚያው ቀረሁ። አባቴ «የሰው ጎማ ስትነፋ ልትኖር?» ብሎ ተቆጣ። እውነቱን ነበር፤ ስነፋ ኖርኩ።

ጎማ የሚነፋና የሚለጥፍ ሌላም ሞልቶ ነበር። ጋሽ ንጋቱ ቤት የሚታወቅበት ሥራ ግን አንድ ነው፤ የኮርስ ብስክሌት መሪ መቀየር። ኮርስ የምንለው ለውድድር የተሠራውን ነው፤ ጎማው ቀጭን፣ አካሉ ቀላል፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተቆለመመ። ተወዳዳሪው ነድቶ ሲጠግበው ከአዲስ አበባ በናዝሬት በኩል እጅ እየቀያየረ ወደ እኛ ይደርሳል። እዚህ የሚገዛው ተወዳዳሪ አይደለም፤ መምህር ነው፣ ልብስ ሰፊ ነው፣ የስንዴ ደላላ ነው። ጥቂት ቀን ይነዳውና ወገቡን ይዞ ይመጣል። ወገቡ ሰበብ ነው። ዋናው ችግር ሰላምታ ነው። ቀንዱን ጨብጦ የሚነዳ ሰው አንገቱ ይቀበራል፤ የሚያየው የራሱን የፊት ጎማ ነው። በአሰላ መንገድ ላይ ደግሞ ቀና ብሎ፣ እጁን አንስቶ፣ ትልቅ ሰው ከሆነም ዝቅ ብሎ ሰላም ሳይል ያለፈ ሰው ጉዱ ፈላ።

ቶላ የሚባል መምህር ነበር። ብስክሌቱን እየነዳ ሳይሆን እየገፋ መጣ።

«ከድር፣ እባክህ ይሄን ቀንድ አውልቅልኝ።»

«ወገብህን አመመህ?»

«ወገቤ ደህና ነው። የሚስቴ አጎት ‹ብስክሌት ገዛ ብሎ ናቀን› ብለው ሽማግሌ ሊልኩብኝ ነው።»

«አላየሁዎትም አትላቸውም?»

«ብያለሁ። ‹እኛ ግን አይተንሃል› አሉኝ።»

እንዲህ ነው ቀንድ እየነቀልን የኖርነው። ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል። ለንፋስ የተሠራን ነገር ለሰላምታ ብለን ስንቆርጥ፣ ስናቃና፣ ስናስተካክል ዕድሜያችንን ጨረስን፤ ያው ሰላምታው ራሱ ጠፋ። እሱን እመለስበታለሁ።

ጋሽ ንጋቱ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቡናማ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው፤ ኦሮምኛውን ግን ከእኔ አስበልጠው ይናገሩታል። የራሳቸው ብስክሌት አረንጓዴ ኮርስ ነበር። የሰዉን ሁሉ ቀንድ ሲነቅሉ ኖረው የራሳቸውን ነክተውት አያውቁም። ቀንዱን በአንድ እጅ እንደያዙ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ በሌላው ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ሰላም ሲሉ ማየት ነው። በከተማው ይህን የሚችል እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ያውቁታል፣ ይኮሩበታልም።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አሮጌውን አውልቅ፣ ቀጥ ያለውን ግጠም፣ በቃ። ግን የኮርስ መሪ መሃሉ ወፈር ይላል፤ ቀጥ ያለው ቀጠን ይላል። መሪውን ነክሶ የሚይዘው አንገት ለወፍራሙ የተሠራ ነው። ሌላው ሠራተኛ የቆርቆሮ ቁራጭ ጠቅልሎ ይሞላዋል። ጋሽ ንጋቱ ቆርቆሮ ያየ ዕለት አይጣል ነው። «ቁልቁለት ላይ መሪው በእጁ ውስጥ ሲዞር እናቱን ነው የሚጠራው ወይስ አንተን?» ይሉኛል። ልኩ የሆነ አንገት እስኪገኝ ብስክሌቱ ይሰቀላል፤ ባለቤቱ ይሳደባል፤ እሳቸው ሌላ ሥራ ይይዛሉ።

ፍሬኑም እንደዚሁ ነው። የማውንቴን ብስክሌት መጨበጫ ለኮርስ ፍሬን አይሆንም፤ ገመዱን ከሚገባው በላይ ይስባል። እጅ ላይ ጥብቅ ሲል ደስ ይላል፤ ገዢም «እሰይ፣ ጠንካራ ነው» ይላል። ግን አይይዝም። ጋሽ ንጋቱ ሲጨብጡት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ለስለስ ብሎ ከገባና መጨረሻው ላይ ከነከሰ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ድንጋይ ከሆነ ይፈቱታል። የመሪውን ስፋት በስንዝር ከትከሻ ትከሻ ይለካሉ፤ ከሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆርጣሉ፤ የተቆረጠውን ጠርዝ መዳፍ እንዳይቧጥጥ በሞረድ ያለሰልሳሉ። ከዚያ መሪውን ወደ ቀኝም ወደ ግራም እስከ ጥግ አዙረው ገመዱ መወጠሩን ያያሉ። ማርሹ አካሉ ላይ ስለሆነ አይነኩትም።

ከሁሉም ግን የማልረሳው ሰላምታቸው ነው። መሪው ከገጠመ በኋላ የፍሬኑን ገመድ ለጊዜው ብቻ ያስሩትና ባለቤቱን «እስከ ጥጉ ነድተህ ተመለስ» ይሉታል። እሳቸው መንገዱን ተሻግረው ይቆማሉ። ሰውዬው ሲመለስ ባርኔጣቸውን አንስተው ለዓመት እንዳላዩት ሰው ሞቅ አድርገው ሰላም ይሉታል። ሰውዬውም ደንገጥ ብሎ እጁን ያነሳል። ጋሽ ንጋቱ የሚያዩት ያን እጅ ነው። የፊት ፍሬን ነው ሰውን የሚያቆመው፤ የኋላው ያግዛል እንጂ ብቻውን ቁልቁለት ላይ ጎማውን ማንሸራተት ነው ትርፉ። ሰላም ሲል አንዱ እጅ ይነሳል። እንግዲህ መሪው ላይ የሚቀረው እጅ የፊቱን ፍሬን መያዝ አለበት። አብዛኛው ሰው ቀኙን ነው የሚያነሳው፤ ስለዚህ የፊቱ በግራ ይታሰራል። ሁሉም ግን አይደለም። በቀኙ የወተት ጀሪካኑን ደግፎ የሚነዳ ሰው ነበረን፤ ሲመጣ በግራው ነው ሰላም ያለው። ለእሱ የፊቱን በቀኝ አሰሩለት።

«ዝም ብለን ብንጠይቀውስ?» አልኳቸው አንድ ቀን። «በየትኛው እጅህ ነው ሰላም የምትለው ብንለው?»

ሳቁብኝ። «በቀኜ ነው ይልሃል። ግራዬን ነው የማነሳው ብሎ የሚናገር ሰው አይተህ ታውቃለህ? ነውር ነው። ሰው ነውሩን አይነግርህም፤ እጁ ነው የሚነግርህ።»

ይህን ሳልረሳው ነው የኖርኩት። ሳልረሳውም ነው የሆነው የሆነው።

ጎልመስ ስል ከጋሽ ንጋቱ ወጥቼ ዴራ ወረድኩ። እዚያ ብስክሌት በሰዓት የሚያከራይ አለቃ ነበረኝ፤ ደመወዙ ከአሰላ ይሻላል። ዴራ ሙቀት ነው፣ ሜዳ ነው፤ ብስክሌቱ ሰው ከሚሸከም ይልቅ ውሃ ይሸከማል። ቀጥ ያለው መሪ ላይ በግራና በቀኝ ጀሪካን ይሰቀልበታል። አለቃዬ አንገት መግዛት እንደ ጥርስ መነቀል ያመዋል። «ቆርቆሮ ሙላው፤ ሜዳ ላይ ማን ይወድቃል?» ይለኛል። አንዱ ወደቀ፤ አገጩ ተተረተረ። አለቃዬ «ነጂው ነው» አለ። ያን ዕለት መፍቻዬን ጠቅልዬ ወጣሁ። ቀጥሎ በቆጂ ሄድኩ። በቆጂ ብርዱ ብረቱን እጅ ላይ ያጣብቀዋል፤ ነጂው ጋቢውን መሪው ላይ ይጥልና የጋቢው ጫፍ ፍሬኑ ውስጥ ይገባል። ደግሞ በዚያ አገር ሰው በእግሩ ሮጦ ብስክሌቱን ይቀድመዋል። ሥራ አልነበረም። ተመልሼ አሰላ ስገባ ጋሽ ንጋቱ ዓይናቸው ደክሞ ጠበቁኝ። ቁልፉን ሰጡኝና በር ላይ ባለችው ወንበር ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ አለቃ አልነበረኝም፤ ወይም እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ባጃጅ የገባው እንግዲህ በዚያ ዘመን ነው። መጀመሪያ ሳቅንበት፤ ዝናብ የሚያስገባ ጋሪ አልነው። ቀስ በቀስ ቶላም ብስክሌቱን ሸጦ በባጃጅ ይመላለስ ጀመር። ልብስ ሰፊውም፣ ደላላውም። ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ የባጃጅ ጋራዥ ሆኑ። ጋሽ ንጋቱ ብቻ አንድ ቀን እንኳ አልተሳፈሩም። አረንጓዴዋን እየነዱ ጠዋት ከላይ ከጭላሎ ተራራ በኩል ካለው ቤታቸው ይወርዳሉ፤ ማታ እያዘገሙ ይወጣሉ።

አንድ ክረምት ቀኝ ትከሻቸው ተያዘ። ብርድ ነው ተባለ። ልጃቸው ፀሐይ፣ አብራቸው የምትኖረው፣ አሸቻቸው፣ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው፣ ጸበልም አስጠመቀቻቸው። ጣታቸው ይጨብጣል፤ ክንዳቸው ግን ከደረት በላይ አልወጣ አለ። ቀንዱን ለመጨበጥ ማጎንበስም አቃታቸው። ቤት ዋሉ። ስጠይቃቸው ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ለብሰው ነው የማገኛቸው፤ የሚያነሱትንም የማያነሱትንም እጅ አላይም። ሲወጡ ሲገቡ ሰውን እጃቸውን ሳያነሱ ራሳቸውን ብቻ ነቅነቅ አድርገው ሰላም ማለት ጀመሩ። ሰዉ «አረጁ» አለ። እኔም አረጁ አልኩ።

ፀሐይ አንድ ቀን ሱቅ መጣች። «ጋሽ ከድር፣ ለአባባ ብስክሌት ገዢ ፈልግልኝ» አለችኝ። «አንድ ቀን ሳላያቸው ይወጡባትና ይወድቁብኛል።»

«እሳቸው ምን አሉ?»

«ባርኔጣቸውን ብቻ አወለቁ።»

በማግስቱ ጋሽ ንጋቱ ራሳቸው መጡ። ቁልቁለቱን ሁሉ በእግራቸው፣ ብስክሌቷን እየገፉ። በሩ ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና፣

«ቀንዱን አውልቅልኝ» አሉ።

የሰማሁትን አላመንኩም። «ጋሼ፣ እርስዎ?»

«ፀሐይ ልትሸጣት ነው። እየነዳኋት ካየች አትሸጣትም። ከተሸጠች ግን እኔ መኝታ ቤት ቁጭ ብዬ ጣሪያ ስቆጥር መሞቴ ነው። ማጎንበሱን ነው ያቃተኝ እንጂ እግሬ ደህና ነው። ቀና ብዬ ልንዳት።»

እንግዲህ ወላሂ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ አድርጌ የሠራሁት ሥራ የለም። ልክ የሆነ አንገት ነበረኝ፤ ለጥሩ ቀን ያስቀመጥኩት። የትከሻቸውን ስፋት ስለካ ቀኛቸውን ስነካው ሽምቅቅ አሉ፤ እጄን ቶሎ አነሳሁ። ቆረጥኩ፣ ሞረድኩ። መጨበጫውን ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩት፤ ለስለስ ብሎ ገባና መጨረሻው ላይ ነከሰ። አዲስ ገመድ፣ አዲስ ሽፋን፣ ውስጡን ዘይት። ጎማዋን ቀየርኩ። ጨረስኩ።

ቀረ። መንገዱን ተሻግሮ ሰላም ማለት ቀረ።

ረስቼው አይደለም። አንድ ሰው እንዴት ብሎ ነው መምህሩን እንደ ደንበኛ እስከ ጥጉ ንዱና ተመለሱ የሚለው? ያንን ዘዴ ያመጡት እሳቸው ናቸው። ከማዶ ቆሜ እጄን ሳነሳ ምን እንደማደርግ ወዲያው ያውቁታል። «ቀኝ እጅዎ አሁንም ይነሳል?» ብዬ በአደባባይ መጠየቄ ነው። ይሉኝታ ያዘኝ። ደግሞ ጋሽ ንጋቱ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን በቀኛቸው ሲያነሱ ነው ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት። የፊቱን በግራ አሰርኩት።

እሳቸውም ወንበራቸው ላይ ሆነው አዩኝ። የፊቱ ገመድ ከየትኛው መጨበጫ እንደተነሳና ወደየት እንደወረደ በዓይናቸው እየተከተሉ ጨረሱት። ያችን ዕይታ ልረሳት አልችልም። አፋቸውን ሊከፍቱ ያሉ መሰለኝ። ከዚያ፣

«እጅህ ይባረክ» አሉና ተነሱ። ፀሐይ ተጠርታ መጥታ ነበርና ያን ዕለት እየገፋች ወሰደቻት።

በማግስቱ ጠዋት ሲያካፋበት ያደረ ኮብልስቶን ላይ ወረዱ። ሱቄ በር ላይ ቆሜ እጠብቃቸው ነበር። ከላይ ሲታዩ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ባርኔጣቸው ራሳቸው ላይ ነው። ከመታመማቸው በፊት እንኳ እንደዚያ ሲያምሩ አላየሁም። መንገድ ዳር ያለው ሰው ሁሉ «ጋሽ ንጋቱ! ጋሽ ንጋቱ!» ይላል። እሳቸው ራሳቸውን ነቅነቅ እያደረጉ ይመልሳሉ። እኔን ሲያዩ ግን ደስታ አዘናጋቸው መሰለኝ፣ ባርኔጣቸውን አነሱልኝ።

በግራቸው።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልጮህ ስል ከጎን ካለው ጋራዥ አንድ ባጃጅ ወደ ኋላ ወጣ። ጋሽ ንጋቱ መሪው ላይ በቀራቸው እጅ፣ በቀኛቸው፣ ጨበጡ። የጨበጡት የኋላውን ነው። ጎማው በእርጥቡ ድንጋይ ላይ ተንሸራተተ፤ ብስክሌቷ በጎኗ ሄደች፤ ከባጃጁ ጋር ተጋጩ። ባርኔጣቸው ግራ እጃቸው ውስጥ እንደሆነ ነው ያነሳናቸው። ዳሌያቸው ተሰብሯል።

ባጃጁን የሚነዳው ልጅ «አላየኋቸውም፣ አላየኋቸውም» ይላል። እውነቱን ነው። ወደ ሐኪም ቤትም የወሰድናቸው በዚያው ባጃጅ ነው፤ ሌላ ምን ነበረና። የመጀመሪያና የመጨረሻ የባጃጅ ጉዟቸው ያ ነበር።

ሐኪም ቤት ተኝተው ሳለ ፀሐይ ለመድኃኒት ወጣ ስትል ወደ እኔ ዞሩ።

«ከድር፣ ከመንገዱ ማዶ ቆመህ ለምን ሰላም አላልከኝም?»

ይቅር በሉኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «እርስዎስ ለምን አልነገሩኝም? ሳስረው ቁጭ ብለው እያዩኝ! አንድ ቃል፣ አንድ ቃል ብቻ!»

«ግራዬን ነው የማነሳው ብሎ የሚናገር ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከአልጋ አልተነሱም። የፈሩት ሁሉ ደረሰ፤ ጣሪያ ሲቆጥሩ ከርመው ሞቱ። ለቅሶው ላይ ሰዉ «ከድር የሠራት ብስክሌት ናት» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ፀሐይ ከዚያ ወዲህ በሱቄ በር ስታልፍ በማዶ ነው የምታልፈው። ብስክሌቷን ሲሬ ለሚኖር ሰው ሸጠቻት አሉ። እኔ ዘንድ የቀረው ቀንዱ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ሰቀልኩት።

ጥፋተኛው ማን ነው? ስንት ዓመት ተከራከርኩበት። እኔ ልጠይቅ አፈርኩ፣ እሳቸው ሊናገሩ አፈሩ። ፍሬኑ ደህና ነበር፣ አንገቱ ደህና ነበር፣ ገመዱ አዲስ ነበር። ሁለት ሰዎች ተከባብረን አንዳችን ሌላውን ገደለ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው የሚል ካለ ይምጣ፤ እጁን ይዤ እዚያ ወንበር ፊት አቆመውና በል እስቲ አንተ ጠይቃቸው እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ መንገዱን ተሻግሬ ሰላም አልኩ፤ አንዱንም አልዘለልኩም። ምን ዋጋ አለው? የሚያስፈልግበት ቀን አንዴ አልፏል።

ቁልፍ ላስረክብ በተቃረብኩበት ሰሞን ቁራሌው መጣ። ግድግዳውን አራቆትኩለት። የጋሽ ንጋቱን ለይቼ ልይዘው እጄን ሰደድኩና ተውኩት። ለማን ብዬ? ከሌሎቹ ጋር ማዳበሪያው ውስጥ ገባ።

ያንኑ ዕለት ከሰዓት አንድ የባንክ ሠራተኛ ኮርስ ብስክሌት እየገፋ መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ የወተፈ ሰው ነው።

«አባባ፣ ፍላት መሪ፣ ቀጥ ያለውን፣ ግጠሙልኝ።»

«ምነው፣ ሰው ሰላም አላልክም ብሎ ተቀየመህ?»

«እ?» አለ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ ኪሱ እየከተተ። ወገቡን አሞት ነው። በቃ ወገቡን።

የመጨረሻ ሥራዬ መሆኑ ነው ብዬ ተቀመጥኩበት። አንገት ፈልጌ፣ ለክቼ፣ ቆርጬ፣ ሞርጄ ገጠምኩለት። ገመዱን ለጊዜው አሰርኩና «እስከ ጥጉ ነድተህ ተመለስ» አልኩት። መንገዱን ተሻገርኩ። ሲመለስ እጄን አንስቼ ሞቅ አድርጌ ሰላም አልኩት። አየኝ። ሁለት እጁን ከመሪው ሳያነሳ አልፎኝ ሄደ።

«ድገመው» አልኩት። ደገመው። አሁንም እጄን አነሳሁ። እሱ አለፈ፤ አንድ ባጃጅ ግን እግሬ ሥር ቆመ።

«አባባ፣ መናኸሪያ?»

«ሰላም እያልኩ ነው።»

«ማንን?» አለ ሹፌሩ ዙሪያውን አይቶ። ሳቀና ሄደ።

እጄን አውርጄ ቆምኩ። ጋሽ ንጋቱ የሠሩት ዘዴ ሰው ሰላም ይላል በሚል ላይ የቆመ ነው። ሰላም የማይል ሰው ሲመጣ ፍሬን በየትኛው እጅ እንደሚታሰር አላስተማሩኝም። ልጁ ለሦስተኛ ጊዜ ከጥጉ ሲመለስ ስልኩ ጠራ። ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና አውጥቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው፤ በቀኙ ብቻ እየነዳ፣ እያወራ መጣ።

አስገብቼ የፊቱን በቀኝ አሰርኩት። ለጋሽ ንጋቱ ማሰር የነበረብኝ እንደዚህ ነበር።

«ሲመጣ የፊቱ በግራ ነበር እኮ» አለኝ።

«ለአንተ በቀኝ ነው።»

«ለምን?»

«ስልክ በግራህ ስለምታነሳ።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሂሳቡን ከፍሎ ወጣና ቁልቁለቱን ያዘ። በር ላይ ቆሜ ሳየው ገና ከጎን ያለውን ጋራዥ ሳያልፍ ስልኩ ጠራ። ግራ እጁ ወደ ጆሮው ሄደ። ከዚያው ጋራዥ፣ ከዚያው ጎን፣ ባጃጅ ወደ ኋላ ወጣበት። በቀኙ ለስለስ አድርጎ ጨበጠ። ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባጃጁ እስኪያልፍ በአንድ እግሩ መሬት ረግጦ ጠበቀ፤ ወሬውን እንኳ አላቋረጠም። ከዚያ ፔዳሉን መትቶ ወረደ።

እጄ ተነስቶ ነበር፤ እሱ ግን ዞሮ አላየኝም።